ቡድን ከየት ይወለዳል? የክለብ ምሥረታና የደጋፊ ባህል ዳሰሳ ከአሰላና ከአርሲ ደጋ አንጻር

በአንድ የስፖርት ሊግ ውስጥ አዲስ ቡድን እንዴት ይመሠረታል፣ የተመሠረተውስ ቡድን ደጋፊ የሚያገኘው ከየት ነው የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የአስተዳደርና የገንዘብ ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን አንድ ሕዝብ ስሙን፣ ቀለሙንና ደስታውን ለማን አደራ እንደሚሰጥ የሚያሳይ የማኅበራዊ ኑሮ ጥያቄ ነው። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን በሦስት ደረጃ ይመለከታል። በመጀመሪያ ቡድን በጨረታ የሚሸጥበትን የህንድ የክሪኬት ሊግ ለንጽጽር ያነሣል፤ ቀጥሎ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ክለቦች በየዘመኑ የተወለዱባቸውን መንገዶችና ከእነርሱ ጋር ያደገውን የደጋፊ ባህል ይዘረዝራል፤ በመጨረሻም ለዓለም የሩጫ ጀግኖችን እያበረከተ በራሱ ስም የገነነ ክለብ ወዳላገኘው ወደ አርሲ ደጋ ይመለሳል። የዳሰሳው ዋና ሐሳብ ቡድን በውሳኔም በገንዘብም ሊቋቋም ቢችልም ጸንቶ የሚኖረው ግን የእኔ ነው የሚለው ሕዝብ በባለቤትነቱ ውስጥ እውነተኛ ድርሻ ሲኖረው ብቻ ነው የሚል ነው።

በጨረታ የሚወለድ ቡድን

ክሪኬት አሥራ አንድ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች በዱላና በኳስ የሚጫወቱት፣ በእንግሊዝ ተወልዶ በደቡብ እስያ የብዙ መቶ ሚሊዮን ሰዎች ፍቅር የሆነ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የህንድ ፕሪሚየር ሊግ ይህን ጨዋታ በሦስት ሰዓት ገደማ በሚጠናቀቅ አጭር ስልት አዘጋጅቶ ፍራንቻይዝ በሚባለው አሠራር አቋቋመው። ፍራንቻይዝ ማለት የሊጉ ባለቤት የሆነው አካል በአንድ ከተማ ስም ቡድን የማቋቋምና በሊጉ የመወዳደር መብትን በጨረታ ለባለሀብት የሚሸጥበት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከታችኛው ዲቪዚዮን ማደግም ሆነ ከላይኛው መውረድ የለም፤ በሩ የሚከፈተው ሊጉ ራሱ አዲስ ቦታ ለመሸጥ ሲወስን ነው። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቡድኖች በድምሩ ከ720 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጡ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ሁለት አዳዲስ ቡድኖች ለጨረታ ሲቀርቡ የላክናው 7,090 ክሮር፣ የጉጅራቱ ደግሞ 5,625 ክሮር ሩፒ አወጣ፤ አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን መሆኑን ላሰበ አንባቢ የዋጋው ግዝፈት ግልጽ ነው።

ጉጅራት ታይታንስ እ.ኤ.አ. በ2022 በተወለደበት ዓመት ዋንጫውን አነሣ። የአካባቢው ነዋሪ ክሪኬትን ለትውልዶች ሲወድ የኖረ በመሆኑ ገንዘቡ ያገኘው የተዘጋጀ ማሳ ነበር። የዚያኑ ሊግ ሌላ ገጽታ የሚያሳየው ግን የሌሎች አዳዲስ ቡድኖች ዕጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሊጉን የተቀላቀለው የኮቺ ቡድን አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ተጫውቶ ውሉ ተሰረዘ። ሁለት ነባር ቡድኖች ለሁለት ዓመት በመታገዳቸው በምትካቸው የገባው የፑኔ ቡድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ለፍጻሜ ደርሶ በሙምባይ በአንድ ነጥብ ልዩነት ብቻ ተሸነፈ፤ ከዚያም የታገዱት ሲመለሱ የእርሱ ዘመን አበቃ። በአንድ ነጥብ የተሸነፈ ቡድን ደጋፊ በተለመደው የስፖርት ሕይወት ለከርሞ እያለ ይጽናናል፤ የፑኔ ደጋፊ ግን ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረውም። ቡድኑ የውል ልጅ ስለነበረ ውሉ ሲያልቅ አብሮ አለቀ፣ ደጋፊውም የለበሰው ልብስ የማንም ምልክት ሳይሆን ቀረ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ጎን አለው። በአንድ በኩል ግልጽ ውል፣ የታወቀ ባለቤትና የተጠና የገቢ ምንጭ ያለው ቡድን ለተጫዋቹ ደመወዝ፣ ለተመልካቹም ጥራት ያለው ጨዋታ በአስተማማኝ ሁኔታ ያቀርባል። በሌላ በኩል የደጋፊው ፍቅር በውሉ ውስጥ ስፍራ ስለሌለው ቡድኑ ሲሸጥ፣ ስሙ ሲለወጥ ወይም ሲፈርስ ደጋፊው የሚጠየቅበት መንገድ የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ቡድን በጨረታ አይሸጥም፤ ይሁን እንጂ ደጋፊው ሳይጠየቅ የሚወለድና ሳይጠየቅ የሚፈርስ ቡድን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም።

የኢትዮጵያ ክለቦች አወላለድ

የኢትዮጵያ ክለቦች ከተወለዱባቸው መንገዶች ቀዳሚው የሰፈርና የማኅበረሰብ መንገድ ነው። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራዳ በወጣቶች ተነሳሽነት የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ የዚህ ዓይነቱ ክለብ ታላቅ ምሳሌ ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ስሙን እንዲለውጥ ቢገደድም በነዋሪው ልብ ውስጥ ያለው ትርጉም የአገር ስሜት መግለጫ እየሆነ ሄደ። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የተጀመረው ውድድርም በአዲስ አበባ የሚኖሩ ማኅበረሰቦች መድረክ ነበር፤ ከጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የአርመኖች፣ የግሪኮችና የጣሊያኖች ቡድኖች እንዲሁም የብሪታንያ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ነበሩ። እያንዳንዱ ቡድን በጨዋታው ቀን የሚያመጣው ደጋፊ በዕለት ኑሮው የሚተዋወቅ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ማኅበር ወይም በአንድ ሰፈር የተሳሰረ ሰው ነበርና ቡድኑ ሳይመሠረት በፊት ደጋፊው ነበረ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የመሥሪያ ቤትና የፋብሪካ መንገድ ነው። የጦር ሠራዊቱ መቻል፣ የፖሊሱ ኦሜድላ፣ መብራት ኃይል፣ መድን፣ ሙገር ሲሚንቶና የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ሁሉም የዚህ መንገድ ፍሬዎች ናቸው። በተለይ በደርግ ዘመን ስፖርት በሥራ ቦታ ዙሪያ እንዲደራጅ በመደረጉ ነባር ክለቦችም ሳይቀሩ ከድርጅቶች ጋር ተዳበሉ። በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተውና ከቡናው ንግድ ዘርፍ ጋር የተቆራኘው የኢትዮጵያ ቡና በዚሁ መንገድ ተወልዶ ከድርጅቱ በላይ የገነነ፣ በሕዝብ ፍቅር ሰፈርን ተሻግሮ የሄደ ክለብ ነው። የመሥሪያ ቤት ክለብ ትልቁ ጥቅም ተጫዋቹ ሠራተኛ ሆኖ ደመወዝ፣ ሕክምናና ከጨዋታ በኋላ የሚኖርበት ሥራ ማግኘቱ ነበር። ጉድለቱ ደግሞ የክለቡ ዕድሜ በድርጅቱ የሥራ አመራር ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ታሪክ ሁለቱንም ያሳያል፤ የወንዶች ቡድኑ ከፕሪሚየር ሊግ ሲወርድ ፈርሶ ከዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቋመ፣ በ2016 ዓ.ም. ወደ ሊጉ በተመለሰበት በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ የሴቶች ቡድኑም በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን የክለቦች ውድድር አሸንፎ ለአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ በቃ። አንድ ተቋም በፈቀደ ጊዜ ቡድን ምን ያህል ከፍ ሊል፣ ባልፈቀደ ጊዜም ምን ያህል በቀላሉ ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሦስተኛው የከተማ መንገድ ሲሆን ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ከተጀመረ ወዲህ የኢትዮጵያን እግር ኳስ መልክ የለወጠው ይህ ነው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲወስድ የሊጉ ማዕከል ከአዲስ አበባ ውጭም ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ከዚያ በኋላ ከተሞችና ዞኖች በታሪካቸው ውስጥ ያሉ ስሞችን እያነሡ ክለብ አቋቋሙ ወይም አጠናከሩ። የጅማው ክለብ የንጉሥ አባ ጅፋርን፣ የጎንደሩ የዐፄ ፋሲልን ስም ያዘ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ተከተሉ። ወላይታ ድቻ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ታላቅ ክለብ ዛማሌክን በመለያ ምት ሲያሰናብት፣ አንድ የዞን ከተማ ስም በመላው አህጉር ጆሮ ገባ።

የጅማ አባ ጅፋር የመጀመሪያ ዓመት ድል ከጉጅራቱ ታሪክ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የሚጎላው ከድሉ በኋላ በሆነው ነው። የጉጅራቱ ባለቤት የቴሌቪዥን ገቢ ድርሻ፣ የማስታወቂያ ውልና የስታዲየም ገቢ ስለነበረው በሚቀጥሉት ዓመታትም ጠንክሮ ቀጠለ። የጅማው ክለብ ግን ገቢው በአብዛኛው በመንግሥት በጀት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ተጫዋቾቹ እየተበተኑ ሄደው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሊጉ ወረደ። በግል ተነሳሽነት ተመሥርቶ በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው ደደቢትም በ2011 ዓ.ም. ከሊጉ ወርዶ ከአደባባይ ራቀ። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመት ድል ለአዲስ ቡድን ጽናት ዋስትና አይሆንም፤ ዋስትናው ድሉን ተከትሎ የሚመጣውን ደስታ ወደ አባልነት፣ ወደ መዋጮና ወደ ቋሚ ገቢ የሚለውጥ አደረጃጀት ነው።

የወጪው ጉዳይ በዚህ ላይ ይጨመራል። የከተማ አስተዳደሮች በሚመድቡት በጀት እየተፎካከሩ የተጫዋቾችን ክፍያ ስላናሩት በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተወሰነ። የህንዱ ሊግም ከመነሻው እያንዳንዱ ቡድን ለተጫዋቾች ግዢ የሚያወጣውን ገንዘብ ገድቧል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ጣሪያው የተጣለው በባለሀብት ኪስ ላይ ሲሆን በኢትዮጵያ የተጣለው ለመንገድ፣ ለውኃና ለትምህርት ቤት ሊውል በሚችል የሕዝብ ገንዘብ ላይ ነው። አንድ ከተማ ለክለቡ የሚያወጣው እያንዳንዱ ብር የነዋሪው ብር ከሆነ፣ ነዋሪው ደጋፊ ብቻ ሳይሆን የሂሳብ ሪፖርት የሚቀርብለት ባለቤት መሆን ይገባዋል።

ደጋፊነት እንደ ባህል

ደጋፊ ከተመልካች ይለያል። ተመልካች ትኬት ቆርጦ ጨዋታ አይቶ ይሄዳል፤ ደጋፊ ግን የቡድኑን ዕጣ ከራሱ ዕጣ ጋር ያስተሳሰረ፣ የሚያውቀው ወንበር፣ የሚያውቀው ጭፈራና አብሮት የሚጮኽ ጎረቤት ያለው ሰው ነው። በኢትዮጵያ ይህ ባህል ከዘመናዊው እግር ኳስ የቀደመ ሥር አለው። በገና ሰሞን በደጋው አገር የሚካሄደው የገና ጨዋታ፣ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ሩር የምትባለውን ድቡልቡል ኳስ እየመቱ ወደ ተቃራኒ ወገን የሚያሻግሩበት ሲሆን፣ ሰፈር ከሰፈር፣ የላይኛው መንደር ከታችኛው እየተከፈለ የሚገጥምበት፣ ያሸነፈው ወገን እየዘፈነ ራሱን የሚያሞግስበትና ተሸናፊውን የሚነቅፍበት፣ ጌታና ሎሌ ለዚያች ቀን እኩል የሚሆኑበት ነበር። የፈረሰኞች ጉግስም እንዲሁ ጎራ ለይቶ የሚካሄድ ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች ቡድኑ የተለየ ባለቤት አልነበረውም፤ ሰፈሩ ራሱ ቡድኑ፣ ቡድኑም ራሱ ሰፈሩ ነበር።

የአዲስ አበባ ስታዲየም ይህን የሰፈር ስሜት ወደ መቀመጫ ቋንቋ ለወጠው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼና ጥላ ፎቅ የሚሉት የመቀመጫ ስሞች ማንም ባለሥልጣን በአዋጅ ያወጣቸው አይደሉም፤ ሕዝቡ በጊዜው ከሰማው ዜና፣ ከመቀመጫው ምቾትና ከተቀማጩ ኪስ እየተነሣ የሰጣቸው ናቸው። ከማን አንሼ በሚለው ስም ውስጥ ብቻ እንኳ የክብርና የእኩልነት ጥያቄ ተጠቃሎ ይገኛል። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በሚገናኙበት፣ የሸገር ደርቢ በሚባለው ጨዋታ ደጋፊው ከጨዋታው ሰዓታት ቀድሞ ገብቶ፣ ከፊቱ ቆሞ ጀርባውን ለሜዳው የሰጠ አስጨፋሪ እየመራው፣ አንድ ወገን ሲያዜም ሌላው እየተቀበለ ይቆያል። አስጨፋሪው ከጨዋታው ብዙውን አያይም፤ የእርሱ ጨዋታ በደጋፊው ፊት ላይ የሚታየው ነው። ጎል ሲገባ እንኳ መጀመሪያ የሚያየው የሕዝቡን መነሣት ነው። ይህ ሰው የየትኛውም ክለብ ሀብት በገንዘብ ሲተመን የማይቆጠር፣ ክለቡን ክለብ ከሚያደርጉት ግን ዋናው ነው።

የዚሁ ስሜት አደገኛ ገጽታም መሸፋፈን የለበትም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመናት አንዳንድ ጨዋታዎች ከብሔር ማንነት ጋር ወደ ተያያዘ ግጭት በማምራታቸው ጨዋታዎች እስከ መቋረጥና ወደ ገለልተኛ ሜዳ እስከ መዛወር ተደርሷል። የከተማ ክለብ ጥንካሬው የሆነው የአካባቢ ኩራት፣ የፖለቲካው አየር ሲበከል ድክመቱ እንደሚሆን በዚህ ታየ። መፍትሔው የአካባቢ ስሜትን ማጥፋት ሊሆን አይችልም፤ ያለዚያ ስሜት ክለብ የለምና። የሚያስፈልገው ደጋፊዎች በተመዘገበ ማኅበር ተደራጅተው አባላቸውን የሚያውቁበትና የሚገሥጹበት፣ ከእንግዳው ቡድን ደጋፊ ማኅበር ጋር አስቀድመው የሚነጋገሩበት ልማድ ነው። በህንድም ቢሆን እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 የቤንጋሉሩ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን ደስታውን ለመካፈል በወጣው ሕዝብ ላይ በተፈጠረ መረጋገጥ 11 ሰዎች መሞታቸው፣ ፍቅርም ሥርዓት ካላገኘ እንደሚገድል አስተምሯል።

በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሊጉ የቴሌቪዥን መብቱን ለዲኤስቲቪ ለአምስት ዓመት ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ የደጋፊው ባህል ሌላ ለውጥ ገጠመው። ክለቦች ባለአክሲዮን የሆኑበት የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዚህ ገቢ ለአባላቱ ማከፋፈል መቻሉ ትልቅ እርምጃ ነበር። በሌላ በኩል በኮሮና ወረርሽኝና በስታዲየሞች የጥራት ጉድለት ምክንያት ጨዋታዎቹ እንደ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና አዳማ ባሉ የተመረጡ ከተሞች በየተራ እንዲካሄዱ በመደረጉ ክለቦች በሜዳቸው፣ በሕዝባቸው ፊት መጫወት አቆሙ። ከተሞቹ ለቡድናቸው በጀት ይመድባሉ፣ ቡድናቸው ግን ሌላ ከተማ ይጫወታል፤ ደጋፊው በገዛ ክለቡ ላይ የሩቅ ተመልካች ሆነ። የሜዳ ትኬት፣ በበር ላይ የሚሸጠው ማልያ፣ ከጨዋታ በኋላ በየምግብ ቤቱ የሚወራው ወሬ ሁሉ አብሮ ተቋረጠ። ቴሌቪዥን ክለብን ሊያሳይ ይችላል፤ ክለብን ግን ሊወልድ አይችልም።

አርሲ፦ የሰጪው አገር

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዓይን ወደ አርሲ ሲመለስ የሚገጥመው ሥዕል የተለየ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጭላሎ ተራራ ሥር የተቆረቆረችው አሰላና ከእርሷ በስተደቡብ ያለችው በቆጂ በዓለም የስፖርት ታሪክ ውስጥ ከስፋታቸው ጋር የማይመጣጠን ስፍራ አላቸው። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ በአትላንታና በሲድኒ በ10,000 ሜትር ተከታትሎ ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ድርብ ወርቅ የወሰዱት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም የዚህ ደጋ ልጆች ናቸው። በቆጂ ውስጥ የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ለዓመታት በማለዳ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ በባሕር ዛፉ መካከልና በአቧራማው ሜዳ ላይ ልጆችን ሲያሠለጥኑ የኖሩ ሲሆን፣ ከዚያ ሜዳ የኦሎምፒክ ባለድሎች ወጥተዋል። ልጆቹ ተሰልፈው አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ ሲሮጡ መሪው ፍጥነቱን ሲቀንስ ከኋላ ያለው ወጥቶ መምራቱን ይረከባል፤ ገና የክለብ ማልያ ያልለበሱ ልጆች የቡድንን ትርጉም በእግራቸው ይማራሉ።

እነዚህ ሯጮች ሲበስሉ ግን የሚሄዱት ወደ ሌላ ቤት ነው። በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ክለብ ማለት በአብዛኛው አትሌቱን በደመወዝ የሚይዝ ተቋም ስለሆነ ቀነኒሳ በሙገር ሲሚንቶ፣ ጥሩነሽ በማረሚያ ቤቶች ክለብ ስም ሮጡ። በኋላም የዓለም አቀፉ ገበያ ሯጮችን በራሱ መንገድ ማደራጀት ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድ የኔዘርላንድ የአትሌቶች አስተዳደር ድርጅት በተቋቋመውና የአንድ የገንዘብ ተቋምን ስም በያዘው ኤንኤን በተባለው የሩጫ ቡድን ውስጥ ቀነኒሳ ተካተተ። ተቋማቱ ለአትሌቶቹ ያደረጉት ድጋፍ ክብር የሚገባው ነው፤ ያለ እነርሱ ብዙ ተሰጥኦ በመንደር በቀረ ነበር። የሚጎድለው ነገር የአሰላና የበቆጂ ስም በአትሌቱ ደረት ላይ አለመኖሩ ነው።

የአርሲ ገብስ ታሪክም ከሯጮቹ ታሪክ ጋር አንድ ዓይነት ነው። የአርሲ ደጋ የአገሪቱ የገብስ ጎተራ ሲሆን፣ በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ያንን ገብስ ለቢራ ጠማቂዎች ብቅል አድርጎ ያቀርባል። የቢራ ፋብሪካዎች በበኩላቸው ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ዋና ስፖንሰሮች፣ ማለትም ስማቸውን ለማስተዋወቅ ለክለቦች ገንዘብ የሚከፍሉ አጋሮች ነበሩ። የአልኮል ማስታወቂያን በብሮድካስት መገናኛ ብዙኃን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112 በ2011 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ይህ የገቢ ምንጭ ተመናመነ፤ እስከዚያ ድረስ ግን የአርሲ ገበሬ ያመረተው ገብስ ብቅል ሆኖ፣ ብቅሉ ቢራ ሆኖ፣ ቢራው ማስታወቂያ ሆኖ፣ ማስታወቂያው በሌላ ከተማ ማልያ ላይ ታትሞ ይወጣ ነበር። የአርሲ ሯጭም የአርሲ ገብስም የሌላውን ቤት ሲያደምቁ የኖሩ የአንድ ምድር ምርቶች ናቸው።

ይህ ማለት አርሲ ስፖርት የለውም ማለት አይደለም። አሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አላት፤ አረንጓዴው ስታዲየምም ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክልሎችና ክለቦች የመጡ ወጣት አትሌቶች የሚወዳደሩባቸውን ብሔራዊ ሻምፒዮናዎች አስተናግዷል። በእግር ኳስም ከአርሲ ዞን በስተምዕራብ ያለው የነገሌ አርሲ ክለብ በከፍተኛ ሊግ ተጫውቷል፤ ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ እርከን ዝቅ የሚለው ይህ ሊግ፣ እንደ ህንዱ ያልሆነ፣ ክለቦች በችሎታ የሚያድጉበት በር መሆኑም መልካም ነገር ነው። ይሁን እንጂ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአሰላ የኳስ ማሳያ ቤቶች ደጃፍ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሚጻፈው የጨዋታ ዝርዝር የአርሴናልና የማንቸስተር ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ የተቀመጠው ወጣት ጎል ሲገባ የሚያሰማው ጩኸት እውነተኛ ነው፣ ዕውቀቱም ጥልቅ ነው፤ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ለሚገኝ ክለብ ይህን ያህል ታማኝ መሆን የቻለ ሰው፣ በከተማው ያለ ክለብ ቢኖረው ምን ያህል ታማኝ ሊሆንለት እንደሚችል ማሰብ አይከብድም። ስለዚህ በአርሲ የጎደለው የደጋፊነት ስሜት አይደለም፤ ስሜቱ የሚያርፍበት ቤት ነው።

ሩጫ ደጋፊ ይኖረዋልን?

አትሌቲክስ የግል ውድድር ስለሆነ የክለብ ደጋፊ ሊያፈራ አይችልም የሚል አስተያየት አለ። ይህን አስተያየት የሚፈትነው በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ የተካሄደው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነው። ኃይሌ በጉዳት ተዳክሞ ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳና ስለሺ ስኅን ወደ ኋላ እየተመለከቱ፣ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። ሊደርስ እንዳልቻለ ሲረዱ ወደ ፊት ተስፈንጥረው አንደኛና ሁለተኛ ሆኑ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ኢትዮጵያውያን ያንን ሩጫ ሲያነሡ ከወርቁ እኩል የሚያነሡት መጠበቁን ነው። ለኢትዮጵያ ሯጮች የተሰጠው አረንጓዴው ጎርፍ የሚለው ስያሜም የቡድን ስም እንጂ የግለሰብ አይደለም። ሩጫ ቡድን ሲሆን ደጋፊ ያገኛል።

ለዚህም የገንዘብ ብዛት ብቻ በቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 በትልቅ ሽልማት የተጀመረው ግራንድ ስላም ትራክ የተባለው የአትሌቲክስ ሊግ ገና በመጀመሪያው ዓመት በገንዘብ እጥረት አራተኛውን ውድድሩን ሰርዟል። በሊጉ ታላላቅ ስሞች ነበሩ፤ በሽንፈት ጊዜ አብሮ የሚያዝን ከተማ ግን ከጀርባቸው አልነበረም። በአንጻሩ በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሰ፣ እየዘፈነ የሚሮጥ ሕዝብን ጎዳና ላይ ያወጣል። በዚያ ጎዳና ላይ ከአሸናፊዎቹ ይልቅ የሚበዛው ተሳታፊ ነው፤ ተሳታፊው ራሱ የበዓሉ ባለቤት ስለሆነም በዓሉ ጸንቷል።

የዳሰሳው ድምዳሜ

ከተነሡት ምሳሌዎች አንድ ቡድን ጸንቶ እንዲኖር ሦስት ነገሮች መሟላት እንዳለባቸው መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው ስም ነው፤ ነዋሪው ታሪኩን የሚያይበት፣ በባለቤት መለዋወጥ የማይለወጥ ስም። ሁለተኛው ሜዳ ነው፤ ደጋፊው በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት፣ ከዓመት ዓመት የሚቀመጥበትን ስፍራ የሚያውቅበት ሜዳ። ሦስተኛው የባለቤትነት ድርሻ ነው፤ አባሉ በመዋጮው መጠን ሳይሆን በአባልነቱ ድምፅ የሚሰጥበት፣ ሂሳብ የሚጠይቅበትና መሪ የሚመርጥበት ሥርዓት። የህንዱ ፍራንቻይዝ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በገንዘብ ኃይል ሊያሟላ ቢችልም ሦስተኛውን አይሰጥም። የኢትዮጵያ የከተማ ክለብ ስሙን አግኝቷል፣ ሜዳውን በማዕከላዊ ውድድር ምክንያት አጥቷል፣ ባለቤትነቱ ግን በበጀት መዝገብ ላይ የአስተዳደሩ ሆኖ ቆይቷል። ለዚህ ነው ድል በድንገት መጥቶ በድንገት የሚሄደው።

አርሲ ከእነዚህ ሦስት ነገሮች ሁለቱ በእጁ አሉ። ስሙ በዓለም የታወቀ ነው፤ ሜዳውም፣ ማሠልጠኛውም፣ ከሁሉ በላይ ጠዋት የሚነሡት ልጆች አሉ። የቀረው ሦስተኛው ነው። የአሰላና የበቆጂ ሰዎች፣ በከተማም በውጭ አገርም ያሉት፣ የገብስ አምራች ማኅበራት፣ መምህራንና ነጋዴዎች ስማቸው በአባልነት መዝገብ ላይ ሰፍሮ አነስተኛ መዋጮ የሚከፍሉበት፣ ከአትሌቲክስ ተነሥቶ ወደ እግር ኳስ ሊያድግ የሚችል የአካባቢ ክለብ ቢመሠረት፣ የተቋማቱ ክለቦች የሚያደርጉትን ድጋፍ አይሻማም፤ ይልቁንም ለልጆቹ ወደዚያ የሚያሻግር የመጀመሪያ ቤት ይሆናል። አትሌቱ ወደ ሌላ ክለብ ሲዛወርም ያሳደገው የአርሲ ክለብ ተገቢውን የማሠልጠኛ ድርሻ የሚያገኝበት ደንብ ሊኖር ይገባል፤ በእግር ኳሱ ዓለም ተጫዋች ሲዛወር ላሳደጉት ክለቦች ድርሻ መክፈል የተለመደ ሕግ ሆኗልና።

እንዲህ ያለው ክለብ የሚጀመረው በጨረታም በታላቅ ስታዲየምም አይደለም፤ የአባላት ስም በሚሰፍርበት አንድ መዝገብ ነው። በገና ጨዋታ ዘመን ሰፈሩ ራሱ ቡድን እንደነበረ ሁሉ፣ ያ መዝገብ በተሞላ ቁጥር አርሲ የሌላውን ማልያ የሚያደምቅ የሰጪ አገር ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ከበቆጂ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተሰልፎ የሚነሣው ልጅ የአገሩን ስም በደረቱ ለብሶ፣ ስሙን ከሚጠሩ የአገሩ ሰዎች ፊት መሮጥ ይችላል።